ሰባቱም አህዮች የአንድ ቤተሰብ ስለመሆናቸው

ለሰናይ ጆሮ የልጆች መጫወቻ አስመጪ ድርጅት
ለቤተሰብ ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ የቢሮው ደረጃ እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ልጆችዎስ፣ ማለቴ ልጆችዎ መሆናቸው በሚመለከተው ክፍል የተረጋገጠላቸው፣ ደኅና ናቸው? እኛ አዳማዎች ሙቀቱና አቧራው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። "ነን" ስል ግን እነማን እንደሆንን በእርስዎ በኩል ገና ስላልተጣራ፣ ይህን ሰላምታ ለጊዜው ከቤተሰቤ ሳይሆን ከእኔ ከግለሰቡ ብቻ እንደቀረበ አድርገው እንዲቀበሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ስሜ ዲበኩሉ ገመዳ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለአንድም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምጽፍበት ምክንያት አጥቼ ጣቶቼን ሲያሳክከኝ ከርሟል፤ ክቡርነትዎ ምክንያቱን ስለፈጠሩልኝ ገና ከመግቢያው ላመሰግንዎት እወዳለሁ። ባለቤቴ ወርቄ መስመር ያለው ወረቀት ዘርግቼ ብዕር ሳነሳ አይታ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ ያየችኝ በሠርጋችን ዕለት እንደነበር ነግራኛለች። በሠርጉ ዕለትም ቢሆን ይህን ያህል አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አንዲት ልጃችን ጂቱ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ ሎጅ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት፤ ቤት የምትመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ነው። አምስት ዓመት የሞላት ልጇ ኑኃሚን ከእኔና ከወርቄ ጋር ትኖራለች። ጂቱ ባለፈው ዓመት ልጅቱ ቀኑን ሙሉ በእኔ ስልክ ላይ ተደፍታ መዋሏ ቢያሳስባት፣ ከአዳማው ቅርንጫፍዎ አንዲት ተራኪ አህያ ገዛችላት። አህያዋ ከጨርቅ የተሠራች፣ ቢጫ፣ ስክሪን የሚባል ነገር የሌላት፣ ቀኝ ጆሮዋን ሲጫኗት ተረት የምታወራ፣ ወላጅም ሩቅ ሆኖ በስልኩ መተግበሪያ ድምፁን ቀድቶ ሲልክ ግራ ጆሮዋ አረንጓዴ የምታበራ መሆኗን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። የሰፈሩ ልጆች በኦሮምኛው "ሀሬ" ይሏታል።

ጂቱ በየማለዳው ዳቦዋን ምድጃ ውስጥ ከትታ፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ ሎጁ በር ትወጣና የሁለት ደቂቃ ወሬ ትቀዳለች፤ ጦጣ ከእንግዳ ሳህን ላይ እንቁላል እንዴት እንደሞጨለፈች፣ ዘበኛው ጦጣዋን ሲያባርር ጫማው ሐይቅ ውስጥ እንዴት እንደገባ፣ ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ። ኑኃሚን አንድ ሰዓት ላይ ፀጉሯን እየተበጠረች ታዳምጣለች። ለምን በስልክ አትገናኙም ይሉ ይሆናል። ሞክረናል። ኑኃሚን የእናቷን ድምፅ በስልክ ስትሰማ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም፤ እናቲቱም ወዲያ ማዶ ታለቅሳለች፤ መሐል ላይ ስልኩን የያዝኩት እኔም ብረት አይደለሁም። አህያዋ ግን አታለቅስም፤ አንዱን ወሬ አሥር ጊዜ ድገሚ ብትባል አሥር ጊዜ ትደግማለች። ክቡርነትዎ የዘጉብን እንግዲህ ይህችን ሁለት ደቂቃ ነው።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር የሌለው ቅሬታ ከፋይል ውስጥ እንደማይገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

፩. ስክሪን አልባነትን በተመለከተ። የአህያዋ ካርቶን "ቤትዎን ከስክሪን ነጻ ያውጡ" ይላል። ለዚህ ቅዱስ ሐሳብ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አህያዋን አፍ ለማስፈታት እኔ፣ ወርቄና ጂቱ፣ ሦስት አዋቂዎች፣ ከምሳ በኋላ ጀምረን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በአንዲት ስልክ ስክሪን ላይ ተደፍተን ዋልን። ኢሜይል አስገቡ አለን፤ ኮድ ልኬአለሁ አለን፤ ኮዱ ጊዜው አልፎበታል አለን፤ በመጨረሻም ሮቦት አለመሆናችሁን አረጋግጡ ብሎ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች እንድንለይ አዘዘን። ወርቄ ሦስት ጊዜ ወድቃ ሮቦት ሆና ቀረች። ኑኃሚን በዚያን ሁሉ ሰዓት ደጅ አፈር ስታቦካ ዋለች፤ በዚህ ረገድ ምርታችሁ ቃሉን እንደጠበቀ ልመሰክር እወዳለሁ።

፪. ምዝገባን በተመለከተ። በነጋታው እንደ ማንኛውም የሰፈራችን ሰው ወደ ፍሬዘር ሄድን። ፍሬዘር መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ቤት ያለው ወጣት ነው። በእኛ ዘንድ ኢሜይል የሚከፍተው፣ የይለፍ ቃል የሚያወጣው፣ ያወጣውንም የሚያስታውሰው እርሱ ነው፤ እኛ ኢሜይል እንዳለን እንጂ ምን እንደሚባል አናውቅም። ፍሬዘር ሥራውን በሁለት ደቂቃ ጨረሰና "የቤተሰብ ኃላፊ" በሚለው ቦታ የእኔን ስም አሰፈረ። ከዚያ ወዲያ ኑኃሚን ሀሬን አቅፋ ስትዞር ያዩ ልጆች ወላጆቻቸውን ቁም ስቅል አሳዩአቸውና፣ በሁለት ወር ውስጥ በሰፈራችን የአህዮቹ ቁጥር ሰባት ደረሰ። ሁሉም ወደ ፍሬዘር ሄዱ። ፍሬዘርም አንድ የተከፈተ ቤተሰብ እያለ ሌላ ቤተሰብ መክፈት ምን ያደርጋል ብሎ ስድስቱንም በእኔ ላይ ደረባቸው።

ይህን ለእኔ የነገረኝ ፍሬዘር አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። ከዕለታት አንድ ቀን መተግበሪያችሁ በፊኛና በርችት ሥዕል የታጀበ፣ "እንኳን ደስ አለዎት! አራተኛ ልጅዎ ቤተሰቡን ተቀላቅሏል" የሚል መልእክት ላከልኝ። ስልኩ በወርቄ እጅ ነበር። መነጽሯን አስተካክላ ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣ "ጂቱን አውቃታለሁ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የት ነው ያደጉት?" አለችኝ። በአራተኛው እንዳልተከራከረች ልብ ይበሉልኝ። በሳምንቱ አምስተኛው ልጄ ተወለደ፤ ፍሬዘር ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ንጽሕናዬን እስኪመሰክርልኝ ድረስም ወጤ ላይ በርበሬ ሲበዛብኝ ሰነበተ። ስለ እንኳን ደስ አለዎቱ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፫. መልእክትን በተመለከተ። በደንባችሁ መሠረት አንድ ቤተሰብ ስለሆንን፣ ለአንዷ አህያ የተላከ ለሰባቱም ይደርሳል። ጂቱ ከላንጋኖ፣ "ነይ ፀጉርሽን ተበጠሪ፣ አያትሽን አታስቸግሪ" ያለች ዕለት ሰባት ልጆች ማበጠሪያ ይዘው ወርቄ ፊት ተሰለፉ፤ ከእነርሱም አንዱ በዋዜማው ራሱን ሙልጭ ብሎ የተላጨው ኡበይደላ ነበር። እርሱም ተራው ደርሶ ተበጠረ። ሌላ ጊዜ ወርቄ፣ ኑኃሚን መዋዕለ ሕፃናት የምትገባበት ቀን ነው ብላ ጸሎት ቀዳችላት። እኛ የወንጌል አማኞች ነን፤ ወርቄ ደግሞ መጸለይ ከጀመረች አገሩን፣ ዝናቡን፣ መንገደኛውን፣ ባለሥልጣኑን አንድም አታስቀርም፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነበር። የኡበይደላ እናት ወይዘሮ ሰሊማ፣ ከወሎ መጥተው ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ጎረቤታችን፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ "ወርቅዬ፣ እኛም አሚን ብለናል፤ የሚቀጥለው ግን ትንሽ አጠር ይበል፣ ልጁ ቆሞ ሲሰማ ቁርሱ ቀረ" አሏት። ወርቄ አሁን በአራት ደቂቃ ትጨርሳለች። ይህን የጉባኤያችን ሽማግሌዎች በሃያ ዓመት ምክር አላገኙትም።

የምልኬሳን ሳልነግርዎት ባልፍ ግን ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ምልኬሳ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ልጁ ጉዲቱ ትባላለች። አንድ ማለዳ ለጉዲቱ፣ "ዛሬ ከትምህርት ቤት የምወስድሽ እኔ ነኝ፤ በር ላይ ጠብቂኝ፣ በባጃጅ ዞር ዞር እንላለን" ብሎ ቀዳላት። ስድስት ሰዓት ላይ ሲደርስ ሰባት ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው በር ላይ በሰልፍ ይጠብቁታል። ወይዘሮ ሰሊማ የራሳቸውን ልጅ ሊወስዱ ቢመጡ ኡበይደላ፣ "ሀሬ የነገረችኝ ምልኬሳ እንደሚወስደኝ ነው" ብሎ ከእናቱ ጋር አልሄድም አለ። ምልኬሳ ምን ያድርግ? ሰባቱንም ጫናቸው። አደባባዩ ላይ ትራፊክ አስቁሞ የማን ልጆች ናቸው ቢለው፣ "የጋሽ ዲበኩሉ" አለ፤ በእናንተ መዝገብ ረገድ ልክ ነበር። ትራፊኩ ስሜን በአድናቆት ደገመው አሉ።

ለምን ያን ጊዜውኑ አላስተካከላችሁትም ካሉኝ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ስለጣመን ነው። ሰባቱ ልጆች በየማለዳው አህያቸውን አቅፈው ወደ እኛ በረንዳ መምጣት ለመዱ። ጂቱ ነገሩን የሰማች ዕለት ሣቅ አላስቆም ብሏት ዳቦው አረረባት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የምትጀምረው ሰባቱንም በየስማቸው እየጠራች ሆነ። ኑኃሚን መጀመሪያ ላይ እናቷን ማካፈሉ አልተዋጠላትም ነበር። ኋላ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ የምትደለድለው፣ ያወራውን ዝም በል የምትለው፣ ያልገባውን የምታስረዳው እርሷ ሆነች። በስልክ አንድ ቃል ሳይወጣት የምታለቅሰው ልጅ የስድስት ሰው አለቃ ሆና አየኋት፤ በጣም ደስ አለኝ፣ ከደስታዬ ብዛት ለበረንዳው አዲስ አግዳሚ ወንበር አሠራሁ።

፬. የድርጅታችሁን ተረቶች በተመለከተ። አህያዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ተረት ስለ በረዶ ሰው ነው። በአዳማ ፀሐይ። ኡበይደላ የበረዶውን ሰው ለማየት ጓጉቶ የእናቱን ፍሪጅ ከፍቶ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ዋለና ሥጋው ተበላሸ። የዚህ ቅሬታ ሁለተኛ አንቀጽ ከአህያ ጋር ስለዋለች ጊደር የሚናገረውን ተረትና ምሳሌ የሚመለከት ነበር፤ ወርቄ አንብባው፣ ይህ ለቢሮ ሰው አይጻፍም ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ። ጊደሪቱ ምን ተምራ እንደመጣች ክቡርነትዎ ያውቃሉ።

፭. እግዱን በተመለከተ። ባለፈው ወር መተግበሪያው "ያልተለመደ የቤተሰብ እንቅስቃሴ ታይቷል" ብሎ ሰባቱንም አህዮች ቆለፈ። ቀጥሎም ከእርስዎ ክፍል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ የሰባቱን ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሁሉም እናትና አባት አንድ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ፣ እንዲሁም የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በአንድ ቤት ፊት ለፊት ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ ካላቀረብኩ የተቀዳው ድምፅ ሁሉ እንደሚሰረዝ ይገልጻል። ፍሬዘር ጥፋቱን አምኖ፣ እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ይከፋፈልልን ብሎ ማመልከቻ ጻፈላችሁ። መልሳችሁ "ያልተረጋገጠ ቤተሰብ ሊከፋፈል አይችልም" የሚል ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ በሁለት በኩል እንዲህ የተቆለፈ ዓረፍተ ነገር አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው ያነበብኩት። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሁለት ዓመት ዋስትና አስታውሼ ብደውል ደግሞ፣ ዋስትናው ለጨርቁ እንጂ ለድምፁ እንዳልሆነ ተነገረኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኸው ነው። ያጠፋነው እኔና ፍሬዘር ሆነን ሳለ ቅጣቱ በልጆቹ ላይ መውደቁም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መሆኑን ሳላመለክት አላልፍም።

፮. ይህ የመጨረሻው ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። አህያዋ ከተቆለፈች ወዲህ ጆሮዋን ሲጫኗት በዚያው ተረት በምታወራበት ለስላሳ ድምፅ፣ "ቤተሰብሽ አልተረጋገጠም" ትላለች። ኑኃሚን በመጀመሪያው ማለዳ ሦስት ጊዜ ተጫነቻት፤ ሦስት ጊዜም ነገረቻት። ከዚያ ፀጉሯን ከወርቄ እጅ አስለቅቃ፣ ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኖ እኔ ዘንድ መጣችና፣ "አባባ፣ እማዬ የኔ አይደለችም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት በእጄ ያላለፈበት ቀን አልነበረም፤ ለዚህች ልጅ ግን የማሳያት ወረቀት አጣሁ። "ያንቺ ናት" አልኳት። "ታዲያ ሀሬ ለምን እንደዚያ ትላለች?" አለችኝ። ተናደድኩ። ይህን ስጽፍም እንደተናደድኩ ነኝ። ሕፃንን በእናቷ እንድትጠራጠር ከሚያደርግ መጫወቻ ያ የተሸሸው ስክሪን ሺህ ጊዜ ይሻል ነበር።

ጂቱ ይህን ስትሰማ የአንድ ቀን ፈቃድ ለምና በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ሰባቱን በዙሪያዋ አስቀምጣ፣ የጦጣዋን ወሬ በአፏ አወራችላቸው። ስትጨርስ ኑኃሚን ተነሥታ ሄደችና የእናቷን ቀኝ ጆሮ በጣቷ ጫን አድርጋ ጠበቀች። ጂቱ ደገመችው። ኡበይደላም መጥቶ ተጫነ፤ ጉዲቱም ተጫነች፤ ሰባቱም ተራ ገብተው ሲጫኑ ወሬው ሰባት ጊዜ ተወራ፤ የጂቱ ጆሮ በርበሬ መሰለ፤ እኛም አዋቂዎቹ በሣቅ ሞትን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሳ ሄደች፤ ነገም ዳቦ አለና።

እንግዲህ ያዘዙኝን ሁሉ አያይዤ ልኬአለሁ። ሰባት የልደት ምስክር ወረቀቶች አሉ፤ ሰባት አባትና ሰባት እናት ያሳያሉ፤ አልደብቅም። ፎቶግራፉ ላይ በእኛ ቤት ፊት ለፊት ሃያ ዘጠኝ ሰው፣ ሰባት አህያና አንድ ባጃጅ ይታያል፤ ፎቶ አንሺው ሁላችንንም ለማስገባት አስፋልቱን ተሻግሮ ከሰው ግቢ ውስጥ ነው ያነሣን። ኑኃሚን አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር የጂቱ ነው፤ በዚያን ሰዓት ሥራ ላይ ነበረች። እነዚህ ልጆች በአንድ አባት ስም አይጠሩም። አንዱ ሲወድቅ ግን የሚያነሣው የቀረበው ሰው ነው፤ ሲያጠፋም የሚቆጣው የቀረበው ነው፤ ምሳ ሰዓት የደረሰበት ቤት ምሳውን ይበላል። ለዚህ ዓይነቱ ዝምድና የሚሞላ ቅጽ ካላችሁ ላኩልኝ፤ በሦስት ኮፒ እሞላዋለሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የጂቱ ድምፅ ሳይሰረዝ አህዮቹ ይከፈቱ። ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ያን ዓረፍተ ነገር ከአፏ ላይ ያንሡልንና ዝም ትበል። ዝም ያለች አህያ ለልጅ ክፉ አይደለችም።

የሰውን ቤተሰብ ከሰውየው በላይ ስለሚጠነቀቁለት፣ የማያውቁትን ልጅ ሳያዩ ከእናቱ ለመለየት ስላልሰነፉ፣ ለእኔ ለጡረተኛውም የደብዳቤን ጣዕም መልሰው ስላቀመሱኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሥራዎ ይቃናልዎት ዘንድ፣ ወርቄም በአራት ደቂቃው ውስጥ እርስዎን እንድታስገባ ማሳሰቤን እየገለጽኩ፣

በማይናወጥ አክብሮት የእርስዎው፣
ዲበኩሉ ገመዳ
በወርቄ መዝገብ የአንድ፣ በእርስዎ መዝገብ የሰባት ልጆች አባት
አዳማ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ወርቄ፣ ነጻ መውጣቴ በጽሑፍ እንዲታወቅ
ለፍሬዘር ሞባይል ቤት፣ ያደረገውን እንዲያይ
ለጂቱ ዲበኩሉ፣ ላንጋኖ፣ ዳቦው ሳያርር እንድታነበው

ማስታወሻ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል ከአዳማው ቅርንጫፍዎ አንዲት ሻጭ ልጇን አዝላ በሬን አንኳኳች። ባለቤቷ ወለንጪቲ ስለሚሠራ የእርሷም አህያ "ቤተሰቡ በሁለት ከተማ ታይቷል" ተብላ ከተዘጋች ወር እንዳለፋት ነግራን፣ የእኛ ቤተሰብ ሰፊ ነው ሲባል ሰምታ እንድናስገባት ጠየቀችን። የቤተሰብ ኃላፊ እንደመሆኔ ተቀብያታለሁ፤ ፎቶግራፉም እንደገና ተነሥቷል። ከወይዘሮ ሰሊማና ከምልኬሳ መሐል የድርጅትዎን ቲሸርት ለብሳ የምትስቀው እርሷ ናት፤ አውልቂው ብንላት እምቢ አለች። ሊቀጧት ቢያስቡ ከእኛ ቤተሰብ ሆና ተገኝታለች ብለው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም ማድረግዎ አይቀርም፤ እባክዎ ያችን ወረቀት አንድ ኮፒ ይላኩልኝ፣ ቤተሰብነታችን በራስዎ ማኅተም ተረጋገጠ ማለት ነውና አህዮቹን በወረቀቷ አስከፍታለሁ።